የ1975 ሆንዳ ሲቢ 750 ካፌ ሬሰር፦ 8,500 ዶላር ታወጣለች?

አታወጣም። ሞተር ሳይክሏ መጥፎ ሆና አይደለም፤ ሰዎች "መጥተህ እይልን" እያሉ ከወሰዱኝ አሮጌና የተሠሩ ሞተር ሳይክሎች መካከል ሞተራቸው ጤነኛ ከሆኑት ጥቂቶች አንዷ ናት። የበዛው የተጠየቀባት ገንዘብ ነው። በዚህ በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ የእኛ ልጆች አሮጌ ሞተር ሳይክል እየወደዱ መጥተዋል፤ ይህ ደስ ይለኛል። የሚያሳስበኝ አብዛኞቹ በፎቶ አይተው፣ በፎቶ ወደው፣ በፎቶ ዋጋ ቆርጠው መሄዳቸው ነው። ስለዚህ ይቺን ካፌ ሬሰር (የድሮ የውድድር ሞተር ሳይክል መልክ እንዲኖራት ተራቁታ የተሠራች ማለት ነው) እንዴት እንዳየኋትና ስንት ብዬ እንደገመትኳት በዝርዝር ልጻፍላችሁ።

እኔ መካኒክ ነኝ። ሥራውን የተማርኩት አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ ነው፤ አሁን የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ። ማስታወቂያውን የላከልኝ የእህቴ ልጅ ነው። "ጋሼ፣ እስኪ ይቺን ይዩልኝ፤ ሌላ ሰው ሳይቀድመኝ ቀብድ ልልክ ነው" አለኝ። "አንድ ሳንቲም እንዳትልክ፤ መጀመሪያ ሄደን እንያት" አልኩት። ፎቶዋ እውነትም ልብ ያማልላል። ጥቁር ታንክ ላይ ወርቃማ መስመር፣ ከኋላው ጉብ ያለ ለአንድ ሰው ብቻ የሚሆን ቡናማ የቆዳ መቀመጫ፣ ዝቅ ያለ ማኑብሪዮ፣ ከአራቱ ሲሊንደሮች ወጥተው አንድ ላይ የሚገጥሙ ጥቁር የጭስ ቧንቧዎች። ፓራፋንጎ የላትም፣ የጎን ሽፋን የላትም። ከሥሯ "ከ11,000 ዶላር በላይ ወጥቶባታል፤ በ8,500 እሸጣለሁ" የሚል ተጽፏል። ሻጩ ሜሪላንድ ነው የሚኖረው።

ዋጋ ከመቁረጥ በፊት ዕቃው ምን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ሆንዳ ሲቢ 750ን በ1969 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) አሜሪካ ውስጥ መሸጥ ሲጀምር ዋጋዋ 1,495 ዶላር ነበር። በዚያ ዘመን ትልልቆቹ የእንግሊዝና የአሜሪካ ሞተር ሳይክሎች አብዛኞቹ ባለ ሁለት ሲሊንደር ነበሩ። ሆንዳ ጎን ለጎን የተደረደሩ አራት ሲሊንደሮች፣ 736 ሲሲ፣ 67 የፈረስ ጉልበት፣ በአዝራር የሚነሳ ሞተርና የፊት ዲስክ ፍሬን ይዞ መጣ። በ1970 ዲክ ማን የተባለ አሜሪካዊ ተወዳዳሪ ለውድድር በተዘጋጀችው ዓይነት ዴይቶና 200 የተባለውን ትልቅ የአሜሪካ ውድድር አሸነፈባት። ባለ አንድ ካም (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) ሆና እስከ 1978 ስትመረት ከ400,000 በላይ ተሠርታለች፤ ለዋጋው ዋናው ነገር ይህ ቁጥር ነው። ብርቅ የሆኑት መጀመሪያ የወጡት፣ ሰብሳቢዎች "ሳንድካስት" እያሉ የሚጠሯቸው 7,414 ሞተር ሳይክሎች ናቸው። ለእነሱ ሰው የተጠየቀውን ይከፍላል። የ1975ቷ፣ ኬ5 የምትባለው ሞዴል ግን ጥሩ ናት እንጂ ብርቅ አይደለችም፤ ስላረጀች ብቻ ዋጋ አይጨመርላትም።

ሻጩ ጨዋ ሰው ነው። ደረሰኞቹን ሁሉ በፋይል አድርጎ ጠበቀን፤ ይህን የሚያደርግ ብዙ አይደለም። ቁጭ ብዬ በሦስት ከፈልኳቸው። ቀለም፣ መቀመጫ፣ የሻሲው ፓውደር ኮት (በዱቄት ተነፍቶ የሚጋገር ቀለም)፣ የጭስ ቧንቧ፣ መብራትና ጌጅ 4,450 ዶላር። ቸርኬና ራጂ፣ ኤሌክትሮኒክ ኢግኒሽን፣ የፍሬን እድሳት ከነአዲስ ቱቦው፣ የኤሌክትሪክ ገመድ፣ የማኑብሪዮ ኩሽኔታ 2,600። የባለሙያ እጅ 4,150። ድምሩ 11,200 ነው፤ ሰውየው አልዋሸም። ግን ለሰርግ የወጣ ገንዘብ ከእድምተኛው እንደማይጠየቅ ሁሉ፣ ሻጭ ለገዛ ደስታው ያወጣውም ከገዢ አይጠየቅም።

የተሠራ አሮጌ ሞተር ሳይክል ዋጋው የሚነሳው ያልተነካች አቻዋ ከምታወጣው ነው። እኔ ባለሁበት አካባቢ የምትሠራ፣ ሊብሬዋ የተስተካከለ፣ ቀለሟ ቢያረጅም ዕቃዋ ሙሉ የሆነ ኬ5 4,500 ዶላር አካባቢ ትሸጣለች ብዬ እይዛለሁ። ትሸጣለች ነው ያልኩት፤ ትጠየቅባታለች አላልኩም። ፌስቡክ ማርኬትፕሌስ ላይ የሚነበበው የሻጭ ምኞት ነው። ብሪንግ ኤ ትሬለር በተባለው የኢንተርኔት ጨረታ ላይ ያለቁ ጨረታዎችን ብታዩ ግን ሰው በእርግጥ የከፈለው ይገኛል፤ የአሮጌ መኪና ኢንሹራንስ የሚሸጠው ሃገርቲ የሚያወጣው የዋጋ መመሪያም ሞተር ሳይክሎችን ይጨምራል። ከዚያ መነሻ ላይ ለማሽኑ የጠቀመው ይደመራል፤ የተበላሸውን ለማስተካከል የሚወጣው ይቀነሳል፤ ተፈትቶ የወጣው ኦሪጅናል ዕቃ አብሮ ከመጣ ደግሞ እንደገና ይደመራል። ብዙ ገዢ የሚዘነጋው ይህን የመጨረሻውን ነው።

ተሠርታ ዋጋዋ የሚጨምር ሞተር ሳይክል የለችም ማለቴ አይደለም። በዘመኑ ሪክማን ወይም ድሬስዳ በሠሩት ሻሲ ላይ የተቀመጠ የሲቢ ሞተር ብታገኙ፣ ወይም የኬሂን ሲአር የውድድር ካርቡራተርና ዮሺሙራ የተባለው የጃፓን የውድድር ሞተር ሠሪ ያወጣው ዕቃ ከነማስረጃው የተገጠመባት ብትሆን፣ ነገሩ ሌላ ነው። የዛሬዋ እንዲህ አይደለችም። የዛሬዋ ከኢንተርኔት በታዘዘ ዕቃ፣ በጥሩ ዓይን የተሠራች ናት።

ከመሄዳችን በፊት ደውዬ ሻጩን አንድ ነገር ለመንኩት፤ እስክንደርስ እንዳያስነሳት። የሞቀ ሞተር ብዙ ነገር ይደብቃል። ደርሰን እጄን ሲሊንደሮቹ ላይ አሳረፍኩ፤ ቀዝቃዛ ናቸው፣ ቃሉን ጠብቋል። ቾኩን ስቤ አዝራሩን ስጫን ወዲያው ተነሳች። አራቱም የጭስ ቧንቧዎች ላይ፣ ከቴስታታው በሚወጡበት አጠገብ፣ በጣቴ ውሃ ረጨሁ። አንደኛው፣ ሁለተኛውና አራተኛው ላይ ቸስ ብሎ ተነነ። ሦስተኛው ላይ ጠብታው ተንጠልጥሎ ቀረ።

ሦስተኛው ሲሊንደር በሚኒሞ (ቤንዚን ሳይሰጥ ሞተሩ ቆሞ ሲሠራ) አይሠራም ማለት ነው። ወይ ውስጡ አልቋል፣ ወይ ቤንዚን አይደርሰውም። የመጀመሪያው ከሆነ ሞተር ማውረድ ነው፤ ሁለተኛው ከሆነ ካርቡራተር ማጽዳት። በሁለቱ መካከል ከሺህ ዶላር በላይ ልዩነት ስላለ በግምት የሚታለፍ ነገር አይደለም። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ካንዴላዎቹን ፈትቼ ኮምፕሬሽን (እያንዳንዱ ሲሊንደር አምቆ የሚይዘውን ግፊት) ለካሁ፤ 148፣ 150፣ 145፣ 150 ፒኤስአይ። እፎይ አልኩ። ቁጥሩ ራሱ ከፍ ማለቱ ብቻ ሳይሆን አራቱ መቀራረባቸው ነው የሚያስደስተው፤ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ለኖረ ሞተር ይህ የተከበረ ውጤት ነው። የሦስተኛው ካንዴላ ደረቅና ነጭ ነበር፣ የሌሎቹም ወደ ነጭ ያደላል። ችግሩ ቤንዚን ነው።

ምክንያቱም በዓይን ይታያል። ሠሪው የአየር ፊልትሮ ሳጥኑን አውጥቶ በምትኩ አራት ትንንሽ ክሮም ፊልትሮዎች ሰክቶባታል። ከመቀመጫው ሥር ባዶ ሆኖ ወዲያ ማዶ መታየቱ ለፎቶ ያምራል። ግን የኬሂን ካርቡራተሮቹ ልካቸው የተወሰነው በሳጥኑ በኩል ለሚመጣ የተረጋጋ አየር ነው። አየሩ ሲበዛና ሲረበሽ፣ ቤንዚን የሚያሳልፉት ጄቶች ደግሞ እንደነበሩ ሲቀሩ፣ መሃል ላይ ትታነቃለች። ነዳኋት፤ በሦስተኛ ማርሽ በደቂቃ ከ3,500 እስከ 5,000 ዙር ድረስ እምቢ አለችኝ። ሰው በከተማ ውስጥ ቀኑን ሙሉ የሚነዳው ደግሞ እዚያው ዙር ላይ ነው። ከ5,000 በላይ ሲሆን ግን ያ የአራቱ ሲሊንደሮች ድምፅ ተከፈተ። ያን ድምፅ በጣም እወደዋለሁ፤ የእህቴ ልጅ ፊቱ ሲበራ ከሩቅ አየሁት። ድምፁ ግን ኦሪጅናሏም ላይ አለ፤ የ8,500 ምክንያት አይሆንም።

ፍሬኗን አመሰግናለሁ። ከ1975 የቀረው የፊት ዲስክ በአዲስ ባለ ሽቦ ቱቦ ሲታገዝ አያያዙ የሚያስተማምን ነው፤ የኋላው የከበሮ ፍሬንም በልኩ ተስተካክሏል። የድሮውን የካንዴላ እሳት መስጫ ፑንቲና አውጥቶ በምትኩ ኤሌክትሮኒክ ኢግኒሽን ማስገባቱም ትክክለኛ ሥራ ነው። የኤሌክትሪክ ገመዱ በሥርዓት ታስሯል፤ ፊውዞቹ በቀላሉ ይገኛሉ። እነዚህ ላይ የሠራው ሰው እጁ ጥሩ ነው። ቻርጁ ግን ይቀረዋል። የሲቢ ዲናሞ በሚኒሞ ብዙ አያመነጭም፣ ከፋብሪካም ሲወጣ እንዲሁ ነው፤ 5,000 ዙር ላይ ግን ከ14 ቮልት በላይ መድረስ ሲገባው ቴስተሬ 13.1 ላይ ቆመ። ወይ ሬጉሌተሩ ነው፣ ወይ የላላ ማያያዣ። መቀመጫው ጉብታ ውስጥ የተደበቀችው ትንሽ ባትሪ በትራፊክ መጨናነቅ ውስጥ ብዙ አትታገሥም።

ከቴስታታው ሽፋን በቀኝ በኩል ዘይት ያዣል። ሻጩ "ትንሽ ላብ ነው፣ ሁሉም ሲቢ አለው" አለ። ላብ መሆኑ እውነት ነው፣ አይንጠባጠብም። ነገር ግን የዚህች ሞተር ሳይክል ጠባይ መታወቅ አለበት፤ ያን ሽፋን ለማንሳት ሞተሩ ከሻሲው መውጣት አለበት፣ ምክንያቱም ከላይ ያለው የሻሲ ቧንቧ ቦታ አይሰጥም። ሌላ ሞተር ሳይክል ላይ የአንድ ከሰዓት ሥራ የሆነው እዚህ ላይ ከባድ ሞተር አውርዶ መልሶ መጫን ነው። የአሥር ዶላር የሽፋን ማሸጊያ ጎማ ለመቀየር የቀናት ሥራ ሊከፈል ነው ማለት ነው። ስለዚህ "ትንሽ ዘይት ያዣል" የሚለውን ማስታወቂያ ስታነቡ መጀመሪያ የሞተሩን ዓይነት እዩ፣ ከዚያ ገንዘቡን አስቡ።

አሁን ወደ ሻሲው። ለዋጋው ከሁሉም በላይ የሚመዝነው ይህ ነው፤ ገዢዎች ደግሞ ከሁሉም ያነሰ የሚያዩት እሱን ነው። ያ ጉብ ያለ መቀመጫ እንዲቀመጥ የሻሲው ጅራት ተቆርጦ ወደ ላይ የታጠፈ ቧንቧ ተበይዶበታል። መሬት ላይ ተኝቼ በባትሪ መብራት አየሁት። በግራ በኩል ያለው ብየዳ ቀጭን፣ እኩል፣ ተደጋግፎ የተሰደረ ነው። በቀኝ በኩል ያለው ግን ተጎልጉሏል፤ አንድ ቦታ ላይ መርፌ የሚያስገባ ቀዳዳ አለ፣ ፓውደር ኮቱም እዚያው ላይ ሰርጎ ገብቷል። የግራውን የበየደው ሰው ተረጋግቶ በየደ፤ የቀኙን ምናልባት በተጣመመ እጅ። ሾኮቹ የሚታሰሩበት ቦታ አልተነካም፤ የተቆረጠው ከእሱ በስተኋላ ነው፤ ስለዚህ አንድ ሰው ተቀምጦበት መንገድ ላይ አይሰበርም። ሆኖም ያ ጎን ተፍቆ እንደገና መበየድ፣ ቀለሙም መነካካት አለበት። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ የማይመለስ መሆኑ ነው። መቀመጫና ማኑብሪዮ ይመለሳል፣ ቀለም ይመለሳል፤ የተቆረጠ ሻሲ ግን አይመለስም። ነገ ካፌ ሬሰር ፋሽኑ ሲያልፍ፣ ኦሪጅናል የሚፈልግ ገዢ ይቺን አይፈልጋትም።

ጎማዎቹ አዲስ ይመስላሉ፤ ጥርሳቸው ሙሉ ነው። ጎናቸው ላይ ያለው የመጨረሻ ባለ አራት አኃዝ ቁጥር 2311 ይላል፤ በ2011 ዓመት በ23ኛው ሳምንት የተመረቱ ማለት ነው። የደረቀ ጎማ ዝናብ ላይ አይምርም። ሁለቱም ይቀየራሉ።

ሊብሬዋ የሜሪላንድ ነው፣ በሻጩ ስም። አንገቷ ላይ ከተመታው የሻሲ ቁጥር ጋር አስተያየሁት፣ ይገጥማል። ማስታወቂያው ላይ "የሞተርና የሻሲ ቁጥሯ አንድ ነው" ተብሏል፤ ይህ ሊሆን አይችልም። ሲቢ 750 ከፋብሪካ ስትወጣ ሁለቱ ቁጥሮች ይቀራረባሉ እንጂ አንድ አይደሉም። የዚችኛዋ ተቀራራቢ ናቸው፤ ያ ይበቃል። በአንዳንድ ስቴቶች አሮጌ ሞተር ሳይክሎች በሞተር ቁጥር የተመዘገቡበት ጊዜ ስለነበረ፣ ሞተሩ የተቀየረ ከሆነ የሊብሬ ጣጣ ይመጣል። ከዚያ ጣጣ ይልቅ ሞተሩ ቢበላሽ እመርጣለሁ።

ልንሄድ ስንል ጋራዡ ጥግ ላይ አንድ ትልቅ የፕላስቲክ ሳጥን አየሁ። ክዳኑን ሳነሳው የአየር ፊልትሮ ሳጥኑ ከነማያያዣ ጎማዎቹ፣ ሁለቱ የጎን ሽፋኖች ከነምልክታቸው፣ የፊት ፓራፋንጎ፣ ኦሪጅናል ጌጆቹ፣ ማኑብሪዮው። ሰውየው ለብቻ ሊሸጣቸው አስቦ ነበር። "አራቱ ማርሚታዎችስ?" ብዬ ጠየቅኩት። "ወንድሜ ዘንድ ይመስሉኛል፣ ካገኘኋቸው እልክላችኋለሁ" አለ። ላም አለኝ በሰማይ ነው፤ የሌለ አድርጌ ነው የምቆጥረው። የእነዚያ አራት ማርሚታዎች ሙሉ ስብስብ ደህና ከሆነ ብቻውን ከ1,000 ዶላር በላይ ያወጣል። ሳጥኑ ግን ያለ ነገር ነው። ያ የአየር ፊልትሮ ሳጥን ተመልሶ ከገባ፣ ካርቡራተሮቹ ጸድተው ከተመጣጠኑ፣ መሃል ላይ መታነቋ ያበቃል።

ሂሳቡን መኪና ውስጥ ሆነን ለእህቴ ልጅ ሠራሁለት። መነሻው 4,500። ለማሽኑ ከወጣው 2,600 ውስጥ 1,500 እሰጠዋለሁ፤ ሥራው ጥሩ ነው፣ ግን ያገለገለ ነው። ለመልኳ የወጣውን በገዢ ዋጋ ውስጥ አላስገባም። 6,000 ሆነ። ለብየዳውና ለተቆረጠው ሻሲ 500፣ ለዘይቱ 600፣ ለጎማ 350፣ ለካርቡራተር 400፣ ለቻርጁ 150፤ በጠቅላላው 2,000 ይቀነሳል። 4,000 ቀረ። ሳጥኑ ከመጣ 700 ይጨመራል። 4,700።

"ግን ጋሼ፣ ቀለሟንስ አላዩትም? ቁርጥ የምወደው ዓይነት ናት እኮ" አለኝ።

"አይቼዋለሁ ልጄ፣ ያምራል። ስለወደድካት 300 ጨምር። 5,000። ከዚያ በላይ የምትከፍለው ለፎቶው ነው።"

ለዘይቱ 600 ብቻ መቀነሴ ያነሰ የሚመስለው ይኖራል። ሙሉ ሥራው ጋራዥ ቢገባ ከዚያ ይበልጣል፤ ግን የሚያዣውን ያህል እየጠረጉ ለረጅም ጊዜ መንዳት ስለሚቻል ግማሹን ለገዢው፣ ግማሹን ለሻጩ አከፋፍያለሁ። ራሱ ሞተር ማውረድ የማይችል ገዢ፣ የሚረዳው ወዳጅም ከሌለው፣ ሙሉውን ቢቀንስ መብቱ ነው። በአንጻሩ ብየዳ የሚችል ሰው 500ውን አይቀንስ፤ ለእሱ የአንድ ቅዳሜ ሥራ ናት። የአንድ ሞተር ሳይክል ዋጋ እንደ ገዢው እጅ የሚለያየው ለዚህ ነው።

ሻጩ በዚያው ዕለት ወደ 6,500 ወረደ፤ ያለ ሳጥኑ። አመስግነነው ተመለስን። ከዚያ ወዲህ ደውሎ 5,800 ብሏል፣ ሳጥኑን ጨምሮ። ሰውየውን አላቃለልኩትም፤ የወጣበትን ያውቃል፣ ልቡም ይቆጨዋል። እኔ ግን ለእህቴ ልጅ ታገሥ ብዬዋለሁ። እዚህ አገር ጸደይ ሲመጣ ሁሉም ሰው ሞተር ሳይክል ያምረዋል፤ ኖቬምበር ላይ ደግሞ ጋራዡን ማጽዳት የሚፈልገው ሻጭ ይበዛል። በዚህ መሃል የኤም ክላስ፣ ማለትም የሞተር ሳይክል፣ መንጃ ፈቃዱን ይጨርስ። ቨርጂኒያ ሞተር ሳይክልን በየዓመቱ ኢንስፔክሽን ታስገባለች፣ ስም ሲዛወርም 4.15 በመቶ ታክስ ታስከፍላለች፤ ለዚያም፣ ለጎማውም ከዋጋው ውጭ ገንዘብ ይያዝ። ሳጥኑን ጨምሮ 5,000 ከተባለ በማግስቱ ፒካፕ ይዤ አብሬው እሄዳለሁ። ሳጥኑ ከሌለ 4,300።